ካፕሱሉ የጾም ነው ወይ?

ውሸታም ሻጭ አስመረረን ትላላችሁ አይደል? እውነቱን የሚናገር ሻጭ ስላልገጠማችሁ ነው! እኔ ገጥሞኛል... ያውም ራሴው ነኝ።

ሥራዬ መድኃኒት ማስተዋወቅ ነው። በእኛ ቤት «ሬፕ» ይባላል። ከረባቴን አስሬ፣ ጥቁር ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ ከጎንደር እስከ ሳንጃ ሐኪሙንም ፋርማሲውንም ሳስቸግር እውላለሁ። ሐኪም በር ላይ ከበሽተኛ ጋር ተሰልፌ ስቆም ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። «አይዞህ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ» ያለኝ ስንቱ ነው! አሜን እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ?

ዘንድሮ የደረሰኝ የጨጓራ ካፕሱል ነው። አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ዮናስ ገና በጥር ደውሎ ቁርጤን ነገረኝ።

«ይሄን ሩብ ዓመት የሽያጭ ታርጌትህን ካልሞላህ የድርጅቱን መኪና ታስረክባለህ። አንተም አብረሃት ትመጣለህ... ለስንብት!»

እኔ እቴ፣ ምን አስደነገጠኝ? ሁዳዴ እየመጣ ነዋ! ሁዳዴ ሲገባ ጎንደር ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ። አገሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾምና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ ሆዱን በስልጆና በሚጥሚጣ ይለበልበዋል። ሥጋ ሻጩ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ሲያማርር እኔ እጄን እያፋተግሁ ጾሙ እስኪገባ እጠብቅ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ!

ታዲያ ጾሙ እንደገባ ኮላ ድባ ወረድሁ። የገበያ ቀን ነው፤ የአበባ ፋርማሲ ሰው ሞልቶታል። አበባ የፋርማሲው ባለቤት ናት፤ ጥሩ ገዢዬም ናት። ካፕሱሌን ባንኮኒው ላይ ደርድሬ ስደሰኩርላት አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከኋላዬ አንገታቸውን አሰገጉ። አያ ጥጋቡ ይባላሉ፤ ጨጓራ ሲያሰቃያቸው ጊዜ መድኃኒት ሊገዙ የመጡ ናቸው።

«ሸጋ ነገር ትመስላለች፣ ልጄ። ይች ላይዋ ላይ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ! ደህና ሰው ቢሆን «መድኃኒት ነው፣ አያ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ሆቴል ተቀምጬ ስለ ካፕሱል ስሠለጥን የከረምሁ ሰው ነኝ፤ ምላሴን በላኝ።

«ጄላቲን ይባላል፣ አያ!» አልሁ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከከብት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ፣ የተጣራ...»

«ከከብት?»

«አዎ! አንደኛ ደረጃ!»

አያ ጥጋቡ ሊከፍሉ ያወጡትን ብር ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱ። አጠገባቸው የነበሩ እናት የገዙትን ካፕሱል ባንኮኒው ላይ ወርወር አድርገው እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አበባማ በዓይኗ ልትበላኝ ነው።

«ምነው ልጄ፣ በሁዳዴ ሥጋ ልታበላን መጣህ?» አሉ አያ ጥጋቡ። «ያውም ከረባት አስረህ!»

ከረባቱ ምን እንደበደለ እስካሁን አልገባኝም።

በእኛ አገር ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። በነጋታው ጠዳ ብሄድ የፋርማሲው ሰው ገና ከበር ሲያየኝ «የሥጋው ሬፕ መጣህ?» አለኝ። ጎንደር ያሉት ሐኪሞች ሳይቀሩ «በሽተኛው እንቢ ብሏል፤ እስከ ፋሲካ ታገስ» አሉኝ። እስከ ፋሲካማ መኪናዋም የለች፣ እኔም የለሁ! የራሴ ጨጓራ ይነድ ጀመር።

አበባ አዘነችልኝ መሰለኝ ደወለች። «ሂድና ቄስ ይትባረክን ለምናቸው። እዚህ ሰው የሚሰማው እሳቸውን ነው» አለችኝ። ሄድሁ። መስቀል ተሳልሜ እግራቸው ሥር ቁጭ አልሁ።

«አባታችን፣ መድኃኒት ምግብ ነው እንዴ?»

«ማን ነው ያለ?»

«ሕዝቡ።»

«ሕዝቡማ ያንተን ቃል ነው የሚደግመው» አሉና ሳቁብኝ። «በል አይዞህ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናገርልሃለሁ።»

እሁድ ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊት ቆምሁ። ቄስ ይትባረክ ቃላቸውን ጠበቁ። «መድኃኒት ጾም አያስገድፍም። የታመመ ሰው ይዋጥ!» አሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! «ደግሞም...» ብለው ቀጠሉ። ጉድ የሠራችኝ ይች «ደግሞም» ናት። «ደግሞም ጨጓራ ያለበት ሰው እንደ ጤነኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ራሱን አያድርቅ። ለንስሐ አባቱ ነግሮ ጠዋት አጥሚትም ቢሆን ይቅመስ። ሚጥሚጣውንም ይቀንስ።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መኪናዋን ካፕሱል በካፕሱል አድርጌ ጥቂት ሳምንት ቆይቼ ወደ አበባ ፋርማሲ ተመለስሁ። አበባ መደርደሪያውን በአገጯ አሳየችኝ። ቀድሞ ያስቀመጥሁላት ካፕሱል እንዳለ ቁጭ ብሏል! ግራ ገብቶኝ ስወጣ አያ ጥጋቡን በር ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው ወዝ ጠግቧል።

«ተባረክ ልጄ! አንተ ባትጠይቅልን ማን ያስፈቅድልን ነበር? ጨጓራዬ ድራሹ ጠፋ!»

«ካፕሱሉን ዋጡታ?» አልሁ በተስፋ።

«የምን ካፕሱል? ጠዋት ጠዋት አጥሚቴን ፉት እላለሁ እንጂ! ጎረቤቱ ሁሉ እንዲያ ነው የዳነ። እግዜር ሥራህን ያቃናልህ!»

አሜን አልሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ከልቤ ደስ ብሎኝላቸዋል፤ ከልቤም ማልቀስ አምሮኝ ነበር።

ወዲያው ዮናስ ደወለ።

«ገበያው የት ገባ? ማነው የወሰደብን?»

«አጥሚት።»



«የእህሉ አጥሚት?»

«አዎ።»

«ማነው እሱን እዚያ አገር ያስተዋወቀው?»

«እኔ» አልሁት።

መኪናዋን አስረከብሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ይመዝገብልኝ፦ በሥራ ዘመኔ ከታርጌት በላይ ያስተዋወቅሁት አጥሚትን ብቻ ነው!