ባለ ክንፏ መኪናና የአለኸኝ ዳማ

በአገራችን ሲያረጅ ዋጋ የሚጨምር ነገር ቢኖር መኪና ብቻ ነው። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ስወጣ አንድ ጋቢና አንድ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ጋቢው ይሞቃል፣ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ የነበረ ስንጥቅ ሸፍኖልኛል። መኪና ግን ሃያ ዓመት አገልግሎ፣ ሦስት ጌታ ቀይሮ፣ አንድ ጊዜ ገደል ገብቶ ሲወጣ አዲስ ሳለ ከተገዛበት በብዙ እጥፍ ይሸጣል። «ያገለገለ» የሚለው ቃል ለእኔና ለእሱ እኩል የተሰጠ ማዕረግ ነው፤ ገበያው ግን አያመሳስለንም።

ይህን ሁሉ እንዳውቅ ያደረገችኝ ልጄ ማስተዋል ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ዳንግላ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ከእንጅባራ በሚኒባስ ትመላለሳለች። በሚኒባስ መመላለስ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው በሚይዝ መኪና ውስጥ አሥራ ስምንተኛ ሆኖ፣ የማያውቁትን ሰው ዶሮ ታቅፎ መሄድ ነው በሉት። መንጃ ፈቃድ አውጥታ «መኪና ልገዛ ነው» ስትለኝ ስለዚህ መረቅኋት። የመረቅኋት ግን የመኪናዋን ፎቶ ሳላይ ነው።

«ሃችባክ ናት እማዬ፤ ስፖርት!» ብላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አጭር ናት፤ ከኋላ የሚመጣው ክፍሏ የተረሳ ይመስላል። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ጣሪያዋ ጫፍ ላይ ደግሞ ክንፍ አላት።

«ክንፉ ለምን ይሆናል?»

«ስትበር ከመሬት እንዳትነሳ ይይዛታል።»

የእኛን አስፋልት የምታውቁ ሰዎች እዚህ ላይ እንድትስቁ ጊዜ ልስጣችሁ። የቅዳሜ ገበያተኛ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ መሐል መንገድ ቆሞ ስለ ኑሮው የሚያስብ አህያ፤ በዚህ ሁሉ መካከል ከመሬት የሚነሳ ነገር ቢኖር የሾፌሩ ደም ብቻ ነው።

ለማንኛውም ልጅቷ በእቁብም በደመወዝም ያጠራቀመችው ነበራት። የጎደላት የአንድ ጥሩ ፈረስ ዋጋ ነበር። አንድ ጥሩ ፈረስ ደግሞ አለን።

ዳማው ፈረስ የባለቤቴ የአለኸኝ ነው። ነበር ማለት አለብኝ፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስንት ልጅ ሰዋስው ያስተማርኩ ሴት ይህን አንድ ግስ ማረም አቃተኝ። አለኸኝ የመሬት ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወረቀት ሲያገላብጥ ጎንበስ ያለ፣ እሑድ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ቀጥ የሚል ሰው። ሲሞት ፈረሱን ታላቅ ወንድሙ አያ ቢያድግልኝ ገጠር ወስደው ያዙልኝ። ዛሬ ፈረስ በጥሩ ዋጋ የሚገዛው ባለ ጋሪ ነው። አለኸኝ ደግሞ የግልቢያ ፈረስ ሲሚንቶ ሲጎትት ባየ ቁጥር፣ የሚያውቀው ሰው ራቁቱን መንገድ ላይ እንደቆመ ሁሉ ፊቱን ያዞር ነበር። ባለ ክንፏ ስትገዛ ዳማው ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። አፌ ግን «ይሸጥ፤ እኔ በፈረስ ምን እሠራለሁ?» አለ። የአስተማሪ አፍ ነው፤ ከባለቤቱ ቀድሞ መልስ ይሰጣል።

አያ ቢያድግልኝ ተጠሩ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ በአዊኛ ትንሽ አጉረምርመው፣ በአማርኛ ፈረዱ፦ «የወንድሜን ፈረስ በማላውቀው ነገር አልለውጥም። መጀመሪያ ልያት።»

ማስተዋል በጆሮዬ «መኪና አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። ተሳፍረውበት ያውቃሉ አልኳት፤ ያውም አሥራ ስምንተኛ ሆነው።

የመጀመሪያዋ ዳንግላ ነበረች፤ ቀይ፣ የምታብረቀርቅ። ደላላው ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ነው፤ እኔን «ማዘር» አያን «ፋዘር» ብሎ በአንድ ደቂቃ ቤተሰብ አደረገን። አያ ሰላምታውን ተቀብለው ኮፈኗ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«ትኩስ ናት። ሳንመጣ ጋልባችኋታል።»

«ፋዘር፣ መኪና እኮ ናት!»

«እና? የሚያሳዩትን ፈረስ አስቀድሞ የሚያሯሩጥ ሰው የብርድ ሳሉን የሚደብቅ ነው። ስንት ዓመቷ ነው?»

ደላላው ሞተሩን አስነስቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አሳያቸው፤ እውነትም የሄደችው ትንሽ ነው። አያ ቁጥሩን ትተው ጎንበስ አሉና በዱላቸው ጫፍ የፍሬን መርገጫውን ነካኩት። ጎማው አልቆ ብረቱ ወጥቷል።

«እርካቡ አልቆ ጥርሱ ጎረምሳ? ዕድሜዋን ልትደብቁ ጥርሷን ሞርዳችኋታል!»

ዙሪያውን የቆሙት ባለ ባጃጆች በሳቅ ፈረሱ። አንዱማ «ደላላው፣ አፍህን ክፈት፣ ያንተንም ይዩልህ!» ብሎ ጮኸ። አያ ግን አልጨረሱም፤ የቀኝ ጎማዋ በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ አይተው «ታነክሳለች» አሉ። ማስተዋል ትንሽ ነድታ ስትመለስ መሪዋን ለቀቅ ባደረገች ቁጥር ወደ ቀኝ ቦይ እንደምትሮጥ ነገረችን። መነጽሩ ወረደ፤ «ፋዘር» መሆንም ቀረ።

እንዲህ እያልን ሦስት ቅዳሜ ተጓዝን። ቻግኒ ያየናት ጢሷ ሰማያዊ ነበር። አንዷ በሮቿ ሲዘጉ አንዱ ከሌላው ጋር የተጣላ ይመስል ነበር። አያ በእያንዳንዱ ጉድለት ፊታቸው እየበራ፣ በመመለሻው ምሳ እየጋበዙን፣ ሲያንጎራጉሩ መጡ። እኔም በልጄ ፊት «ምን ዓይነት ዘመን ነው፣ ሁሉ አጭበርባሪ!» እያልኩ ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ምሳው ግን በጣም ጣፈጠኝ።

አራተኛዋ እዚሁ እንጅባራ ተገኘች። ባለቤቷ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወሩ የተነሡ ነርስ ናቸው። አመድማ መኪና ናት፤ ክንፍ አላት፣ የሚያብለጨልጭ የስፖርት ቸርኬ አላት፣ ግቢያቸው ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶላታል። አያ በማለዳ ይዘውን ሄዱ፤ ኮፈኗ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ሞተሯ በአንድ ጊዜ ተነሣ። መርገጫውን አዩ፤ ቁጥሩን አዩ፤ ተስማሙ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። ሦስት ጊዜ ዞሯት። በመጨረሻ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ሥሯ ገብተው ተጋደሙ። እኔ ደግሞ ምድጃ ላይ እንደተረሳ ድስት አንድ ትንሽ ጢስ እንድታጤስልኝ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም።

አያ ከሥሯ ወጡ። አፈሩን አራገፉ።

«ደህና ናት» አሉ፤ መርዶ በሚነገርበት ድምፅ።

ያኔ ተያየን። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እኚህ ሰው ጉድለት ሲያገኙ ለምን እንደሚያንጎራጉሩ፣ እኔም ለምን ምሳው እንደጣፈጠኝ፣ ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን፤ ወዲያውም እሳቸው ወደ ቆርቆሮው፣ እኔ ወደ ነርሷ ጎመን ዞርን። ልጄ መሐላችን ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየች።

ዳማው በሚቀጥለው ገበያ ወጣ። ሁለት ፈላጊ መጣ። አንዱ ጠና ያለ ሰው ነው፤ የጠየቅነውን ሳይከራከር እከፍላለሁ አለ። ሁለተኛው ከአዘና በኩል የመጣ ወጣት ገበሬ ነው፤ ለጥር የፈረሰኞች በዓል የሚጋልበው ይፈልጋል፤ ያለው ግን ከጠየቅነው ብዙ ያነሰ ነው፤ እሱንም ሲናገር ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። አያ ልጓሙን ይዘው መሬት መሬት አዩ። እኔም ዝም አልኩ፤ የልጅቷ ጉድለት ነው የሚሞላው፣ በእሷ ምን አገባኝ? ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፋታ ስለፈልፍ የኖርኩ ሴት ዝምታን ለዚያች ቀን አስቀምጬው ኖሯል።

ማስተዋል ጠና ወዳለው ሰውዬ ቀረበች። «ጋሼ፣ ጋሪ አለዎት?»

«ሁለት!» አለ በኩራት።

ልጓሙን ከአያ እጅ ወስዳ ለወጣቱ ሰጠችው። «ውሰደው።»

«አንች ልጅ፣ ይጎድልሻል እኮ!» አሉ አያ።

«ይጉደል።»

ወጣቱ ሳይጋልበው ወሰደው፤ እየመራው፣ በእግሩ። አያ ይህንን አይተው ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ።

ለነርሷ የጎደለውን ነገርናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ደግነታቸው ከመኪናዋ ላይ የሚፈታ ነበር። የስፖርት ቸርኬዎቹን በጎደለው ፈንታ ለብቻ እሸጣለሁ ብለው አስፈቷቸው፤ ከመጋዘን አራት የዛገ የብረት ቸርኬ አውጥተው አስገጠሙልን። ማስተዋል ብሎኑ ሲፈታ ቆማ አየች፤ ሰው ቀብራ የምትመለስ እንጂ መኪና የምትገዛ አትመስልም ነበር።

ወደ ቤት ስንነዳ አያ ከኋላ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። እኔ ከፊት ነኝ።

«ቸርኬው አይቆጭሽም?» አልኳት።

«ይቆጨኛል» አለች፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ። «በጣም ነው የሚቆጨኝ። እባክሽ ዝም በይ እማዬ፣ መንገድ ልይበት።»

መንገዱን አብሬያት አየሁ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ቀድሞን አለፈ። ማንም አልተናደደም።