ለድህነት ምርመራ የታረደች ፍየል

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው። ወሩ ጥር፣ አየሩ ደረቅ። ቀን ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ የአውድማውን አቧራ እያነሳ ዓይን ውስጥ ይሞጅራል። ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ የሚገባው ገብቷል። በእንዲህ ያለ ወር የገበሬ እጅ ሥራ ይፈታል፤ የገበሬ እጅ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ስብሰባ ይበዛል።

እኛ አገር ሀብታም ለመባል አንድ አዲስ ጋቢ ይበቃል። ደሀ ለመባል ግን ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሦስት ፊርማና አንድ ማኅተም ያስፈልጋል። አትሳቁ፤ የምለውን አውቃለሁ። ሴፍቲኔት የሚሉት ነገር አለ፤ ጉልበት ያለው ደሀ እርከን እየሠራ ይረዳል፣ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ ደግሞ ሳይሠራ ይሰጠዋል። የኋለኛውን «ቀጥታ ድጋፍ» ይሉታል። እዚያ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ሽማግሌ የጤና መድን መዋጮውንም መንግሥት ይችልለታል፤ ታሞ ቆቦ ቢወርድ ደብተሩን አሳይቶ ይታከማል። መልካም ነገር ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። አንድ ጣጣ ብቻ አለው። ለመመዝገብ «ጧሪ የለውም» መባል አለበት። በሕዝብ ፊት፣ ስሙ እየተጠራ።

እንዲህም ሆኖ የሚመዘገበው አይጠፋም። ኮሚቴው ቤት ለቤት የሚዞርበት ቀን ከተሰማ የቀበሌያችን ፍየሎች ዘመድ ጥየቃ ይሄዳሉ። ትናንት በር ላይ ሲጮሁ የዋሉት ዛሬ ሮቢት ከተማ አክስታቸው ዘንድ ናቸው። ጎተራው በሣር ይሸፈናል፤ ሰውየው የልጁን አሮጌ ሸሚዝ ለብሶ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያስላል። እናንተ ከተሜዎችም ብትሆኑ ግብር የሚተመን ዕለት የሱቃችሁ ዕቃ የት እንደሚገባ ሰምተናል። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። እኔ የማወራችሁ እንዲያ ስላልሆነ አንድ ሰው ነው፤ ስለ ራሴም ነው።

እኔን ኮሚቴ ውስጥ ያስገባኝ ዝምታዬ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ እርፍ ጨበጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አላወራሁም። ልጆቼ እግሬን ሲሰሙ ጨዋታ ያቆማሉ። ሚስቴ ዘውዴ «አንተ ቤት ስትገባ ደመና ገባ» ትላለች። መንደሩ ግን ዝም የሚል ሰው አያዳላም ብሎ አሰበና መረጠኝ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ይነቅዛል። ውስጥ ውስጡን ስለሚነቅዝ አይታይም እንጂ።

ሦስት ነበርን። ሰብሳቢው አህመድ፣ የጤና ሠራተኛዋ ዘይነብና እኔ። አንድ ማክሰኞ ተራው የአባ ይማም ሆነ። አባ ይማም ከእኔ ቤት በታች፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። አንድ ልጃቸው ሁሴን በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ለመግባት እንደወጣ አራት ዓመት ሆነው፤ ድምፁም ከዚያ ወዲህ አልተሰማም። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አውቅ ነበር።

ስንደርስ ግቢው ተጠርጓል። አባ ይማም ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሽርጣቸውን አሳምረው፣ ቆመው ጠበቁን። አንዲት ፍየል ታርዳ ተሰቅላለች። ለሁለቱ እንግዶቻቸው ራሳቸው በቢስሚላህ ባርከዋታል። የእኔም ነገር አልተረሳም። የወሎን ደንብ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እስላም የባረከውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን የባረከውንም እስላም አይበላም፤ ጨዋ ሰው ደግሞ እንግዳውን ጦሙን አይሰድም። አንዲት ዶሮ እግሯ ታስሮ ጥላ ሥር ተጋድማለች። ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻዋ የምትቀመጥ ድስት ታጥባ አጠገቧ ተደፍታለች። ወጡን የምትወጠውጠውም ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርታለች።

«ካሳው፣ ያንተን አንተው ባርክ» አሉና ቢላዋ ሰጡኝ።

በስመ አብ ብዬ ባረክሁ።

በላን። እንዴት አድርገን እንደበላን አልነግራችሁም። አባ ይማም ቆመው ያስተናግዱናል፤ «ምነው፣ ጠላት ቤት መጣችሁ እንዴ?» እያሉ ይጨምሩልናል። አህመድ አጥንት እየጋጠ በግራ እጁ ቅጹን አወጣ። ዕድሜ ጠየቀ፣ መሬት ጠየቀ። መሬታቸውን ጎርፍ በልቶት ግማሽ ቀርቷል። ከብት? የለም። ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ መጣ። ጧሪ አለዎት?

አባ ይማም ቀና አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅ አለኝ» አሉ። «ሁሴን አለኝ።»

አህመድ ቀና ብሎ አየኝ። ዘይነብ መሬት መሬት አየች። እኔ የዶሮዋን ፈረሰኛ እየጋጥኩ ነበር።

መርቀውን ወጣን። ከወንዙ ማዶ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ልንወስን ሆነ። ቦታው ጥቂት ነው፤ ኮታ ይሉታል። ዘይነብ ሰውየው ይገባቸዋል አለች። አህመድ ያመነታል። ዝምተኛ ሰው ሲናገር ይደመጣልና ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ነገር ተናገርኩ። «ባንድ ቀን ሁለት ነፍስ የሚያርድ ሰው ደሀ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም» አልኩ። ንግግሬ ጥሩ መሰለኝ። አህመድ ሳቀና ስማቸውን ሰረዘው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ኖሮ ጥፋቴ የሆዳም ጥፋት ብቻ ይሆን ነበር። አልጨረስኩም። ቦታው ባዶ ቀረ። አህመድ እናቴን አነሳ፤ አሮጊት ናት፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ግቢዬ ውስጥ በራሷ ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች፣ እንደ አንድ አባወራ በስሟ የተቆጠረች ናት፤ ለምን አትገባም አለ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ ነው ብሎ ጻፈው። እናንተዬ፣ ያለው ሁሉ እውነት ነበርና ምን ይባላል? እናቴ በስሟ ትይዩ «ጧሪ የሌላት» ተብላ ተመዘገበች፤ ከሥር የእኔ ፊርማ አለበት። ማታ ወረቀቱን ይዤላት ሄድኩና «የሕክምና ነው» ብዬ አሻራዋን አስደረግሁ።

ሳምንት አለፈ። ዘውዴ አባ ይማም ሳል ይዟቸዋል መባሉን ሰምታ ልትጠይቃቸው ወርዳ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ ሳትገባ ነው የነገረችኝ። ሽማግሌው ባዶ የማሽላ አጥሚት እየጠጡ አገኘቻቸው። ፍየሏ አንዲት ነበረች፤ ጠዋትና ማታ ወተት የምታጠጣቸው እሷ ነበረች። ዶሮዋም አንድያ ነበረች።

«ማን ነው ደግሞ ያረዳት?» አልኩ፤ ምን ልበል።

«ፍየሏን እሳቸው» አለች። «ዶሮዋን አንተ። እንዲያውም ጣፈጠኝ ብለህ ነግረኸኛል።»

ወረድሁ። አባ ይማም ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩኝ ሊነሱ ተፍጨረጨሩ፤ ያዝኳቸው። እጃቸው ቀሎ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። አባ ይማም፣ ለምን አረዱ፣ አልኳቸው።

«ሦስት ትልልቅ ሰው ቤቴ መጥቶ ውሃ ላጠጣ?»

«እኛ እኮ እንግዳ አይደለንም፤ ኮሚቴ ነን።»

«ኮሚቴ ሆድ የለውም እንዴ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ሳሉ ሲለቃቸው «ካሳው፣ ድህነቴን ልታዩ መጣችሁ፤ እዩ ብዬ በሬን ከፈትኩ። ውርደቴን ግን ለመንግሥትም አላሳይም» አሉ።

ልጅ አለኝ ያሉትስ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ጧሪ የለኝም ካልኩ ሁሴንን በአፌ ቀበርኩት ማለት አይደል? አላህ ያልቀበረውን እኔ ልቅበረው?»

ስምዎን ሰርዘነዋል ማለት አቃተኝ። እሳቸውም ስለ መዝገቡ አልጠየቁም። ጨዋ ሰው እንግዳውን አያስጨንቅም፤ እንግዳው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እናቴ ጎጆ ነው የሄድኩት። ማሽላ ትለቅማለች። አሻራ ያደረገችበት ወረቀት ምን እንደሚል ነገርኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«መቼ ሞትክ?» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ጎጆዋ በር መለስሁ።

«እኔኮ አልሰማሁም። ልቅሶህን ማን ተቀመጠ? ጎረቤት ነኝ፤ አምስት እርምጃ ነው፤ እንዴት ሰው አይነግረኝም?» አለችና መልቀሟን ቀጠለች።

አባቴ በዱላ ሲመታኝ እንኳ እንዲያ አላመመኝም።

ዝርዝሩ ለሕዝብ የሚነበብበትና ቅሬታ የሚሰማበት ቀን ዓርብ ከስግደት በኋላ ነበር። ሰው ቁርቁራው ሥር ሞላ። አባ ይማም ያንኑ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ስማቸው እንደማይጠራ አያውቁም። አህመድ አንብቦ ጨረሰ። አባ ይማም ጆሯቸውን አዘንብለው ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ አቀረቀሩ፤ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ያዞሩ ጀመር። እኔ ተነሳሁ። በስብሰባ ተነስቼ ስለማላውቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ቅሬታ አለኝ አልኩ። አህመድ በለሆሳስ፣ ኮሚቴ በኮሚቴ ላይ ቅሬታ አያቀርብም፣ አለኝ። በራሴ ላይ ነው የማቀርበው አልኩና ያለውን አወጣሁት። ኮሚቴው አባ ይማም ቤት ገብቶ ያላቸውን ሁሉ በልቶ እንደወጣ፣ ከበላም በኋላ ሀብታም ናቸው ብሎ እንደ ሰረዛቸው፣ ይህንን የተናገርኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ «ስትበላ ምነው ቅሬታ አላቀረብክ?» አለ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ይገባኝ ነበር፤ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁት።

አህመድ ኮታው ሞልቷል አለ።

«እናቴን ሰርዙ።»

«በምን ምክንያት?»

«ጧሪ አላት።»

«ማን?» አለ። የሚያውቀውን ነው የጠየቀኝ፤ ለቃለ ጉባኤ።

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም፤ አጭርም ነው። «እኔ» አልኩ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ልቀመጥ ስል አባ ይማም በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። «እንዲያ ከሆነ ስሜን አትጻፉ» አሉ። «ጧሪ የለውም ብላችሁ በልጄ ላይ አታሟርቱ። ሁሴን አለ። ርሃብ ይሻለኛል።»

ማንም አልሳቀም። አህመድ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። እኔ ግማሽ ቁጭ፣ ግማሽ ቆሜ ነበርኩ፤ መልሼ ቆምኩ። ቃል ሲጠፋብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ እንጃ።

«አባ ይማም፣ ልጅ የለዎትም አላልንም» አልኩ። «ልጅዎ ዛሬ እዚህ የለም ነው ያልነው። ሁሴን የመጣ ዕለት እኔ ራሴ መጥቼ ስምዎን አሰርዘዋለሁ።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «የመጣ ዕለት ይሰረዛል ብለህ ጻፍ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአህመድ። ቅጹ ላይ እንዲያ የሚል ቦታ የለውም። አህመድ ጠርዙ ላይ፣ ባዶው ላይ፣ ጻፈው። አነበበላቸው። ተቀመጡ።

ከስብሰባው በኋላ ከኮሚቴው እንዲያስወጡኝ ጠየቅሁ። ሳይቀበሉኝ ቀሩ፤ ገና አሁን መናገር ጀመርክ አሉኝ። የድጋፉ ክፍያ እስኪደርስ ዘውዴ ጠዋት ጠዋት ለአባ ይማም ወተት ትወስዳለች። ጥጃው ወተት በዝቶበት ሆዱን እያመመው ነው ብላ ነው የምትሰጣቸው። አባ ይማም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ሰው ናቸው፤ ለጥጃው «አላህ ያሽረው» ብለው ይቀበሏታል።

እኔ ሰኞ ዕለት ቀበሌ ወርጄ እናቴን በራሴ የመድን ደብተር ላይ አስገባኋት፤ ፎቶዋን ከእኔ ፎቶ ሥር ለጠፉት። ደብተሩን ወስጄ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው።

«መንግሥት ይሻለኝ ነበር» አለች።

ለምን አልኳት።

«እሱ እንኳ ሰው ሰብስቦ ያወራል። አንተ አምስት እርምጃ መጥተህ ዝም ነው።»

ልሄድ ቆሜ ነበር። በርጩማውን ሳብሁና ተቀመጥኩ። ምን እንደሚወራ አላውቅም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ወገቧን ያማት እንደሆነ ጠየቅኋት። ከሦስት ዓመት በፊት እንደ ጀመራት ነገረችኝ። የምትለቅመውን ማሽላ ወደ እኔ ጎተትኩና አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።