ግድግዳችን እኔን ሲቀባ

ቅዳሜ ግድግዳ ስቀባ ውዬ ማታ ሳሎን ሶፋ ላይ ደክሞኝ እንደተጋደምኩ ሕልም አየሁ። ውሸት ነው የሚል ካለ ሄዶ የራሱን ያልም።

የሳሎናችን ግድግዳ ከቦታው ወርዶ፣ ሶፋዬ ላይ እግሩን አነባብሮ ሻይ ይጠጣል። እኔ በእሱ ቦታ ቆሜአለሁ። አንድ ጎኔ ከበሩ፣ ሌላው ከመስኮቱ ጋር ተለስኗል፤ መላወስ የለም። ሆዴ ላይ የመብራት ማብሪያ ተተክሎብኛል።

«አንተ፣ ተነስ ከሶፋዬ» አልኩት።

«አንቱ በል» አለኝ። «ያባትህ ታላቅ ነኝ።»

እውነቱን ነው፤ ፎቁ የተሠራው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዋጥ አድርጌ አንቱ አልኳቸው።

እህቴ ትርንጎ ገባች። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ፤ እሁድ ጠዋት እሷን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በውኑ ዓለም ሳምንቱን ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ነበር፤ የተነፋውን ልስን ፋቀው፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሙላው፣ በብርጭቆ ወረቀት እሸው፣ ከዚያ ቅባው እያለች። ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፣ ቆሞ ግድግዳ ከማየት በቀር ምን ሥራ አለው ነው የምትለው። እኔ ግን ቀለም የማይሸፍነው ነውር የለም ብዬ፣ እስከ ጎረቤታችን እስከ እትዬ በለጥሻቸው ሳሎን የሚዘልቀውን ጉድጓድ በጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ የዘይት ቀለሜን ከላይ ለቀለቅኩት።

በሕልሜ ትርንጎ የምትለማመጠው ግድግዳውን ነው። ይሄን ሰውዬ ለእንግዶቹ አሳምሩልኝ ትላለች። ጋሽ ግድግዳ ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሱና ቡርሹን ከግንባሬ ጀመሩ። ጢሜ አልተላጨ፣ የፊቴ ሽብሽብ አልተሞላ፣ እንዳለሁ ለቀለቁኝ።

«ኧረ መጀመሪያ ስቱኮ ነው» አልኩ። «ሰው እንዲህ ይቀባል?»

«ቀለም የማይሸፍነው ነውር የለም» አሉና አፌን በጋዜጣ ጠቀጠቁት። የስፖርት ገጹ ነበር፤ ያውም ቡድኔ አራት የገባበት ዕለት።

ይሄ ግፍ ነው ብዬ ለአቤቱታ አንድ ቢሮ ሄድኩ። በሩንም መስኮቱንም ተሸክሜ ነው የሄድኩት። የቢሮው ኃላፊ መሰላል ነበር። ሠራተኞቹ ረጅም ሰልፍ ይዘው እኔን ይጠብቃሉ። ፊት የቆመችው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ነገ ተመለስ ልልህ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜአለሁ» አለች፤ እግሯ አብጧል። ጋዜጣውን ወደ ጉንጬ ገፋ አድርጌ ነገ እሁድ ነው ብላት አለቀሰች። መሰላሉም አብሮ አለቀሰ። የእኔን አቤቱታ የሰማ የለም።

ስመለስ ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል፤ የኩሽናው ግድግዳ፣ የደረጃው ግድግዳ፣ ከኋላ እርጥበቱን እያንጠባጠበ የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው ፊቴ ተደርድረው ቆሙና ያዩኝ ጀመር። ግንባሩ ይጎረብጣል አለ አንዱ። አገጩ ጋ ተነፍቷል አለ ሌላው። መጸዳጃ ቤቱ እኔን አሽትቶ አፍንጫውን ያዘ። እሱ፣ እኔን።

«ወንድሟ እንዲህ ከሆነ ከሷ ምን ይጠበቃል» አለ። «ሌላ ቤት እንሞክር።»

ዞረው ወደ በሩ አመሩ። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ስድቤ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ጋዜጣው ያዘው።

«ቆዩ፣ ካሌንደር እንሰቅልበታለን» አሉ ጋሽ ግድግዳ። ሚስማሩን ግንባሬ መሀል አቆሙና መዶሻውን አነሱ። ቋ። ቋ። ቋ።

ነቃሁ። ነግቷል፤ የሚንኳኳው በሩ ነው።

ትርንጎ ከፍታ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ተቀመጡ አልን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወጉን አውቃለሁ፤ ታላቅ ወንድም ተኮሳትሮ፣ እንመክርበታለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል። እኔ ደግሞ ጫማቸው እስኪያልቅ ላመላልሳቸው ነበር ያሰብኩት። ትርንጎ በጓዳው በር ቆማ እኔን አታይም፤ ግድግዳውን ነው የምታየው። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ወንድይፍራው መቆም ደከማቸውና ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ።

«ጋሽዬ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አልኩ።

«እሺ ሳንባል?» ብለው በነጭ ጋቢያቸው ካልደረቀው ቀለም ላይ ደገፍ አሉ።

«እሺ ብያለሁ። ሰጥቻለሁ። ብቻ ይቀመጡ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ፈገግ ብለው ከግድግዳው ተነሱ። ልስኑም አብሯቸው ተነሳ። ጋዜጣው ወለሉ ላይ ዱብ አለ፤ በጉድጓዱ የእትዬ በለጥሻቸው ዓይን ብቅ አለ። ዓይኑ ዞር አለና በቦታው አፋቸው መጣ፤ እልልልል።