ዝም አሰኚዋ

እናንተዬ፣ ክፍል የሚረብሸው ወሬኛ ይመስላችኋል? ወሬኛማ ቢያንስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚረብሸው ዝም አሰኚው ነው።

ልጆቼን አሳድጌ በገባሁበት የማታ ትምህርት ቤት ሐሊማ የምትባል ዝም አሰኚ አለችን። ቀን ቀን ታይዋን ገበያ ልብስ እየጮኸች ስለምትሸጥ ድምጿ ማይክ አያሻውም። ሲብስባት በሶማሊኛ «አሙስ!» ትላለች፤ ዝም በል ማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት፣ ከደጋ የመጣው አዲሱ የሒሳብ መምህር ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ «የክፍልፋይ ፈተና መቼ ይሁን?» አለን። ክፍሉ ባንዴ ተንጫጫ። እኔ ክፍልፋይ ገና ስላልገባኝ፣ «በሚቀጥለው ወር» ብዬ አንሾካሾክሁ። ማን ሊሰማኝ? ሐሊማ ከኋላዋ ወደሚያወራው ባለባጃጅ ተማሪ ዞራ፣ «አንተ፣ አሙስ! አሙስ!» ብላ አምባረቀችበት።

የመምህሩ ፊት በራ። «ጎበዝ! እንግዲያው ነገ ሐሙስ ይሁን።»

«ኧረ መምህር፣» አለች ሐሊማ ደንግጣ፣ «ዝም በል ነው ያልኩት!»

«እኔን?» አለ መምህሩ፣ ጠመኔውን እንደያዘ።

ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ያስረዳው? ክፍላችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ሐሊማም ጭምር።

«ወላሂ፣ ዛሬ ገና ዝም አሰኘሽን» አለ ባለባጃጁ በሹክሹክታ።

ሐሙስም የፈተናውን ወረቀት አይተን ዝም አልን።