ሽንኩርት የሌለበት ድስት

(ቦትስዋና፣ ሞቹዲ፤ ቅዳሜ ማለዳ። አስከሬኑ ወደ መቃብር ወጥቷል፤ ሰዉም ተከትሎታል። ግቢው ውስጥ የቀሩት ለቀብርተኛው ሥጋ ቀቅለው ክር እስኪሆን የሚወቅጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ኦቴንግ የሚያብረቀርቅ የከተማ ጫማውን አድርጎ ከንጋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ያያል። ሊያገባት የሚፈልጋት የሴቱንያ አጎት፣ የእናቷ ወንድም ራ ሌሴዲ፣ «በሰው ቀብር እጁን ለማያስገባ ልጅ አልሰጥም» ብለዋል። የእናት ወንድም እምቢ ካለ ደግሞ ነገሩ አበቃ። ቲሮ ድስቱን ያያል። ድስት ሲያይ ሌላ ነገር አያይም።)

ኦቴንግ፦ ቢያንስ አንድ ሽንኩርት።

ቲሮ፦ አይገባም።

ኦቴንግ፦ ግማሽ።

ቲሮ፦ ጨውና ውኃ ነው። የቀብር ሥጋ ሌላ አያውቅም።

ኦቴንግ፦ ታዲያ ሰው በልቶ «ይህን ማን ሠራው?» የሚለው በምንድን ነው?

ቲሮ፦ ቀብር ላይ እንዲህ የሚል የለም።

(ኦቴንግ ያዝንለታል። ጋቦሮኔ ውስጥ ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሰማውን ንግግር ከመጀመሪያው ይነግረዋል። በጎ ፈቃድ የወጣትን ጠባይ ይቀርጻል፤ መጀመሪያ ትዕግሥት ይመጣል፣ ቀጥሎ ትሕትና፣ በመጨረሻም አርቆ ማየት። ቲሮ እየሰማ እንጨት ይጨምራል።)

ቲሮ፦ ትሕትናው መቼ ነው የሚመጣው?

ኦቴንግ፦ እኔ ላይ? መጥቷል። በትሕትና የሚደርስብኝ የለም።

ቲሮ፦ እንግዲያው ይህን አመድ አውጣልኝ።

ኦቴንግ፦ አሁን አይሆንም። ራ ሌሴዲ ሲመጡ ዘነዘናውን ይዤ ሥጋ ስወቅጥ ነው ማግኘት ያለባቸው። ብቅ ሲሉ ትሰጠኛለህ። እኔ ፊቴን ውኃ እረጨዋለሁ።

ቲሮ፦ ላብ እንዲመስል?

ኦቴንግ፦ ጎበዝ፣ እየገባህ ነው።

ቲሮ፦ ሥጋውን ብትወቅጠውም ላብ ይመጣል።

ኦቴንግ፦ ይመጣል። በሰዓቱ መምጣቱን ግን በምን አውቃለሁ?

(ቲሮ ይህን ያስብበታል። ክዳኑን ከፍቶ ይዘጋል።)

ቲሮ፦ ራ ሌሴዲ በየት በኩል ነው የሚመጡት?

ኦቴንግ፦ ከመቃብር ነዋ፣ ከሰዉ ጋር። የሞቱት ሽማግሌ ጎረቤታቸው አይደሉ እንዴ?

ቲሮ፦ የሽማግሌው ቀብር ላይኛው ሰፈር ነው። እዚህ የሞቱት አሮጊት ናቸው። ዛሬ ሁለት ቀብር አለ።

(ኦቴንግ የገባው ድንኳንና ጭስ አይቶ ነው። ድንኳንና ጭስ ሌላም ቦታ ይኖራል ብሎ አላሰበም። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ በሟች ግቢ ጸሎት ነበር፤ አንድ ማታ እንኳ ብቅ ያለ ሰው ቤቱን አይስትም።)

ኦቴንግ፦ መቼ አወቅህ?

ቲሮ፦ ስትገባ። የአሮጊቷን ልጅ «አባትሽን ነፍስ ይማር» አልካት።

ኦቴንግ፦ እሷስ ምን አለች?

ቲሮ፦ አሜን አለች። አባቷም ሞተዋል፤ ቆይቷል እንጂ።

ኦቴንግ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ቲሮ፦ አንድ ሰው ጎድሎን ነበር።

(ኦቴንግ እስከ በሩ ይሄዳል። ላይኛው ሰፈር ጭሱ ይታያል፤ ቢሮጥ ይደርሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ከመቃብር የሚመለሰው ሰው መዝሙር መሰማት ጀምሯል። ሥጋው ገና ሙዳ ሙዳ ነው፤ አልተወቀጠም።)

ኦቴንግ፦ ብቻህን ትጨርሰዋለህ?

ቲሮ፦ አልጨርሰውም።

ኦቴንግ፦ ሰዉስ?

ቲሮ፦ ሳይበላ ይሄዳላ። የአሮጊቷ ልጅ ናት የምታፍረው።

(ኦቴንግ ጥቂት ቆሞ ይመለሳል። ጃኬቱን አጥሩ ላይ ይሰቅላል፤ ዘነዘናውን ይቀበላል። ላቡ ይመጣል፤ የሚያይለት ግን የለም። ጫማው ላይ ስብ ይረጫል፤ አይጠርገውም። ሥጋው ክር ክር እያለ ይሄዳል።)

ኦቴንግ፦ በቃ፣ ሴቱንያን አጣኋት።

ቲሮ፦ ላይኛው ሰፈር ብትሄድም አያዩህም ነበር። ራ ሌሴዲ ከሽማግሌዎች ጋር ነው የሚቀመጡት፤ ወደ ድስት አይመጡም።

ኦቴንግ፦ ታዲያ ማን እንደሠራ ማን እንዳልሠራ በምን ያውቃሉ?

ቲሮ፦ እኔን ይጠይቁኛል።

(ዘነዘናው አየር ላይ ይቀራል።)

ኦቴንግ፦ አንተን?

ቲሮ፦ ከየቀብሩ ስለማልጠፋ። ስለ አንተም ጠይቀውኝ ነበር። «አላውቀውም፤ አብሬው ስሠራ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

(ኦቴንግ ከንጋት ጀምሮ ያወራውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል። የሽንኩርቱ ወሬ ከሁሉም ይሻላል።)

ኦቴንግ፦ እና ምን ልትላቸው ነው?

ቲሮ፦ ገና ነዋ። ሰዉ በልቶ ሲሄድ ድስት የሚያጥብ ይጠፋል።

(ኦቴንግ ጎንበስ ብሎ ቅድም አላወጣም ያለውን አመድ ለድስት ማጠቢያ በባልዲ ይዝቃል። ከዚያ ባለ ሦስት እግር የብረት ድስቶቹን ያያቸዋል።)

ኦቴንግ፦ ሦስቱንም?

ቲሮ፦ ሦስቱ እዚህ ያሉት ናቸው። ትልልቆቹ ከቤቱ ጀርባ ናቸው።