የኮርዴል ፒትስ ጤንነት

በየትንሹ ከተማ፣ ግድግዳ ቢደረመስበት እንኳ አቧራውን አራግፎ «ምንም አልሆንኩም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አላባማ ውስጥ ለእኛ ከተማ የደረሰን ክቡር ኮርዴል ፒትስ ነው።

ክቡርነቱ አራት ዓመት ፕሮፌሽናል ሆኖ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚጋፉበትን የአሜሪካን ፉትቦል ተጫውቷል፤ ያውም በተከላካዮች የፊት መስመር። ሥራው በሬ የሚያካክሉ ሁለት ሰዎች እላዩ ላይ ሲወድቁ ከቦታው አለመነቃነቅ ነበር። እሱ ከሥር ተጨፍልቆ ሳለ፣ ከኋላው የመጣው የቡድን ጓደኛው ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ይጥልና ስታዲየሙ የዚያን ሰው ስም ይጠራል። የኮርዴልን ስም የምናውቀው እናቱ፣ እኛ ጎረቤቶቹና የቡድኑ ወጌሻ ብቻ ነን።

አንዴ ጣቱ ወደ ኋላ ታጠፈ። ወጌሻው እንኳ ማየት አቅቶት ፊቱን አዞረ።

«ከጎኑ ካለው ጋር እሰርልኝና ልመለስ። አንተን ምን ያስለቅስሃል?» አለው ኮርዴል።

ጣቱ እስከ ዛሬ የሚያመለክተው ወደ ጎረቤት ቤት ነው።

ባለፈው መኸር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ተወልዶ ባደገበት ከተማ መንገድ ጠፋበት። ሚስቱ ቨርና ማሳ ዳር፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘችው። «ምንም አልሆንኩም፤ ጥጡን እያየሁ ነው» አላት። ጥጡ ከተለቀመ ሰንብቷል።

«አንተ ፊት አይዋሽም» ብላ እኔን ጎረቤቱን ሐኪም ቤት እንድወስደው ለመነችኝ። የማስታወስ ምርመራውን ከወደቀ መኪና መንዳት ይከለከላል፤ መኪናውን የተነጠቀ ኮርዴል ደግሞ ከቤት የማይወጣ ኮርዴል ነው።

ሐኪሟ አምስት ቃላት ነገረችውና ትንሽ ቆይታ እንዲደግማቸው ጠየቀችው። ሁለቱን አለ። ከዚያ ሳቀ።

«ዶክተር፣ አውቄ እኮ ነው የተሳሳትኩት! ድሮ ልምምድ ሲጀመር ይቺኑ ፈተና ይሰጡን ነበር። አውቀን እንሳሳታለን። በኋላ ጭንቅላታችንን ስንመታ ‹ድሮም እንዲሁ ነበር› ብለው ወደ ሜዳ ይመልሱናላ!»

«እሺ፤ አሁን ግን ሳይሳሳቱ ይንገሩኝ» አለችው።

ግድግዳውን አየ። ወለሉን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ቃላቱን ሁሉንም አስታውሳቸው ነበር፤ ግን አንገቴን ደፋሁ። ሐኪሟ ከመናገሯ በፊት የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እየነዳሁ ፀጉር ቤት እንሄዳለን። ክቡርነቱ ገና በሩን ሳይዘጋ ለሰዉ ሁሉ ያውጃል።

«ይሄ ምስኪን ወንድሜ መንገድ ይጠፋበታል። ብቻውን እንዴት ልልቀቀው? አብሬው እዞራለሁ እንጂ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ይህን ሰው እወደዋለሁ።

«እውነቱን ነው» እላለሁ፤ «ያለ እሱ የትም አልደርስም።»