አራት ጌቶች በአንድ እርምጃ ጋራዥ የገቡበት ዜና

ወኮነ በሁለተኛው ዓመተ ሢመታቸው ለክቡር አቶ እንዳልክ፣ የኤድመንተን በረዶ አስጠራጊ፣ የካናዳ ልሳን፣ የዴንቨር ቆንስላ ጌጥ፣ ከረባታቸው ቀይ፣ ትሕትናቸው መድኃኒት የሌለው፤ በወርኃ የካቲት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ።

እኒህ ጌታ አስቀድሞ በአገረ ካናዳ የከተማ ምክር ቤት ተመራጭ ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ አሸንፈው፣ በሦስተኛው በክርክሩ መድረክ ተቀናቃኛቸውን «እርስዎ ይቅደሙ» ብለው፣ ተቀናቃኙም ቀድሞ፣ ቀድሞም ሳያበቃ ሰዓቱ አልቆ፣ ወንበራቸውን አጡ። መንግሥትም ይህን አይቶ «ይህ ሰው ለምርጫ አልሆነም፤ ዲፕሎማት ይሁን!» ብሎ አወጀና ወደ ዴንቨር ሰደዳቸው።

በዚያም ወራት ኤርሚያስ የተባለ የሞንትቤሎ ሰፈር ጎልማሳ ኑኃሚንን ወደደ፤ ሽማግሌም ይልክ ዘንድ ግድ ሆነ። አባቷ አቶ ሀይለማርያም፣ የኤርፖርት መንገድ ጌታ፣ የሹትል አዛዥ፣ «ከሥራ ሺፍቴ በፊት ገብተው ከጠየቁኝ እሰማለሁ፤ ካረፈዱ ነገሩ ለከርሞ ይደር!» ብለው አወጁ። ከርሞ ደግሞ ለአፍቃሪ ዕድሜ ልክ ነው፤ ይህን የማያውቅ አላፈቀረም።

እንዳልክም የሽማግሌዎቹ አለቃ ተደርገው፣ ሠራዊታቸውን አስከትለው በግሪን ቫሊ ራንች ወዳለው የአባትየው ቤት ዘመቱ፤ በቀኝ አቶ ወንድሙ ባለ ነጭ ሪዙ፣ በግራ ፓስተር ፍቅረየሱስ ጸሎታቸው የማያልቅ፣ ከኋላ ኤርሚያስ ጥፍሩን የሚበላ። ፓርክ አደረጉ፤ ኤርሚያስን መኪና ውስጥ ተዉት፤ በሩ ተከፈተላቸው፤ እዚያም ቆሙ።

አቶ ወንድሙ «ቆንሲል ቆሞ እኔ አልገባም፣ በሞቴ ይቅደሙ!» ብለው አወጁ። እንዳልክም «ሽበት ቆሞ ካናዳ አይገባም!» ብለው አወጁ። ፓስተሩም «እኔ እረኛ ነኝ፤ እረኛ ከኋላ ነው!» ብለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። አቶ ሀይለማርያም ሳይቀሩ ካፖርት ደርበው ወጡና «እንግዳ ሳይገባ ባለቤት አይገባም!» ብለው አራተኛ ሆኑ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ጽጌ ከወጥ ቤት «ኧረ ጥብሱ ቀዘቀዘ፣ ኧረ ቤቱ ፍሪጅ ሆነ!» የሚል አዋጅ አወጡ፤ የሚሰማ ግን አልተገኘም። የአባትየው እጅም ወደ መኪናው ቁልፍ ሄደ፤ ሺፍት ደርሷልና።

ያን ጊዜ እንዳልክ የጠፋችው ወንበራቸው ትዝ አለቻቸው። ቢቀድሙ ነውር፣ ባይቀድሙ ኤርሚያስ ቆሞ ቀር! ዓይናቸውን ቢያነሡ፣ እነሆ ከበሩ ጎን ሁለት መኪና የሚውጥ ጋራዥ። ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው «በር ጠባብ ነውና ፊትና ኋላ አለው፤ ጋራዥ ግን ሰፊ ነው! ኑኃሚን ልጄ፣ ክፈቺው!» ብለው አወጁ። እሷም በመስኮት ስታይ ቆይታ ኖሮ፣ አዋጁ ሳያልቅ ሪሞቱን ተጫነችው።

ጋራዡም እያቃሰተ ተነሣ፤ አራቱ ጌቶች ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው፣ ቀኝ እግራቸውን በአንድነት አንሥተው፣ በአሮጌው የመሮጫ ትሬድሚልና በሽንኩርቱ ጆንያ መካከል ገቡ። ማንም አልቀደመ፤ ማንም አልተከተለ። ጥያቄውም እዚያው፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ ተጠየቀ፤ አባትም ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከትተው «ይሁን፣ ሰጥቻለሁ!» ብለው አወጁ፤ እልልታውም የአባትየውን መኪና አላርም ሳይቀር አስጮኸው።

ስለዚህ ለክቡር እንዳልክ፣ ወንበር አጥተው ሙሽራ ላስገኙ፣ በር ሲጠብ ጋራዥ ላስከፈቱ፣ ክብርና ምስጋና ይድረሳቸው፣ ዜናቸውም ከአውሮራ እስከ ሊትልተን ይነገር። ለኤርሚያስም አንድ ሰው ሄዶ ይንገረው፤ እስካሁን መኪናው ውስጥ ነውና።